ዮንግ ሱን በቀይ የጻፍኩ ቀን

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው በሊፍት ወጥቼ ነበር። እኛ ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን፤ ተረት አዋቂዋ ደግሞ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ኮሪያዊት ናቸው። የሕንፃው ልጆች ሁሉ ሃልሞኒ እንላቸዋለን፤ በአገራቸው ቋንቋ አያቴ ማለት ነው። አባዬ ግን ትርጉሙ ከተነገረው በኋላም «እማማ ሃልሞኒ» ማለቱን አልተወም፤ ትልቅ ሰው በደረቁ አይጠራም ባይ ነው።

እማዬ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ሺፍት ትሠራ ነበር፤ አባዬ ታክሲ ይነዳል። ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚቀበለኝ ሰው አልነበረም። እማዬ ሃልሞኒን ምድር ቤት ካለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል አገኘቻቸውና፣ አንዳቸው የሌላኛቸውን እንግሊዝኛ በቅጡ ሳይሰሙ ተግባቡ፤ እኔም ከማግስቱ ጀምሮ ቦርሳዬን አንግቼ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ መውጣት ጀመርኩ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስሜ ትዕግሥት ይሁን እንጂ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ሁሉን አውቃለሁ የምል፣ በተለይ በእጅ ጽሕፈቴ የምኩራራ ልጅ ነበርኩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጥፋቱ ሁሉ ከዚያ ስለመጣ ነው።

ተረት ሲባል እሳት ዳር ነው የሚታሰበው፤ የሃልሞኒ እሳት የኤሌክትሪክ ምድጃቸው ነበር። ሲመሻሽ የገብስ ሻይ ይጥዱና የቤቱን መብራት አጥፍተው የጠረጴዛዋን ብቻ ይተዋሉ፤ የምድጃው ጥምዝምዝ ሽቦ ቀስ እያለ ሲቀላ እኔ ወንበሬን ጎትቼ እጠጋለሁ። ጭስም አልጠፋም፤ ዓሣ የሚጠብሱ ቀን ቤቱ ይታፈናል፣ ያኔ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ መጠቆሚያ ጮኾ ሕንፃውን እንዳያምስ በገላ መታጠቢያ የላስቲክ ቆብ ይሸፍኑታል። ይህን ሲያደርጉ ወንበር ላይ ቆመው ስለሆነ፣ እግራቸውን መያዝ የእኔ ሥራ ነበር።

ተረታቸው ሁልጊዜ ከአንድ ድምፅ ይነሣል። የኮሪያ ሰዎች እንደ እኛው የራሳቸው ፊደል አላቸው፤ ቃሉን እንደተሰማ ይጽፉበታል። ነገር ግን ብዙው ቃላቸው ድሮ ከቻይና የመጣ ነው፤ ሲመጣም እያንዳንዱ ቃል ሥዕል የሚመስል ምልክቱን ይዞ ነው የመጣው። ጆሮ የማይለያቸውን ቃላት ዓይን ይለያቸዋል። ሃልሞኒ ከሱፐርማርኬት የሚላከውን የማስታወቂያ ወረቀት ገልብጠው «ሱ» ይሉና ይስላሉ፤ ውሃ ነው። ደግመው «ሱ» ይላሉ፤ ይሄኛው እጅ ነው። ሦስተኛው «ሱ» በአራት ግድግዳ መሐል የቆመ ሰው ነው፤ እስረኛ ማለት ነው። መስመሩ የበዛው፣ ለመልመድ አንድ ሳምንት የፈጀብኝ «ሱ» ደግሞ ረጅም ዕድሜ ነው። «ሳ» ሲሏት አራት ቁጥር ናት፤ ሌላዋ «ሳ» ሞት ናት። ለዚህ ሲሉ መጀመሪያ የተሰጣቸውን አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት አልፈልግም ብለው ስምንት ወር ጠብቀዋል፤ የሕንፃው ኃላፊ እስከ መጨረሻው ምክንያቱ አልገባውም።

ይህን ለአባዬ ስነግረው ደስታውን አልችል አለ። አባዬ ታክሲ ነጂ ከመሆኑ በፊት ዲያቆን ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ፊደል ያስጠናኛል። «እኛስ ማን አነሰን?» አለና በግዕዝ በንጉሡ ሠ «ሠረቀ» ተብሎ ከተጻፈ ፀሐይ ወጣች ማለት እንደሆነ፣ በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» ከተባለ ግን ሌባ መጣ ማለት እንደሆነ አስረዳኝ። ሁለት እስክሪብቶ ነበረው፤ ጥቁርና ቀይ። ጥቁሩ ለሁሉም ነው፣ ቀዩ ለከበረ ስም ብቻ ነው ይለኛል። የእግዚአብሔርን ስም፣ የእመቤታችንን ስም በቀይ አስጻፈኝ፤ እኔ ደግሞ በራሴ ሥልጣን የእማዬንና የእሱን ጨመርኩ። አባዬ ሣቀ እንጂ አልከለከለኝም።

ከሃልሞኒ ተረቶች አንዱ በጣም አናደደኝ። ፊደል ያልቆጠረች እናት ነበረች፤ ባሏ የተማረ ሰው ነው። ለሦስት ወንዶች ልጆቻቸው ባልየው በድምፅ አንድ የሆነ ስም አወጣላቸው፤ በምልክት ግን አንዱ ውሃ፣ አንዱ እጅ፣ አንዱ ዕድሜ ነው። እናትየው ከደጅ ሆና «ሱ!» ስትል ሦስቱም እየሮጡ ይመጣሉ። ባልየው ሞተ፤ ልጆቹ ዘመቱ፤ አንድ ቀን ወረቀት መጣ። ማንበብ የሚችለው ጎረቤት ወረቀቱን ገልጦ «ሱ ሞቷል ይላል፤ የትኛው እንደሆነ ምልክቱን ልንገርሽ» ሲላት፣ አፉን በእጇ ያዘችው፤ ወረቀቱን ነጥቃ ከራስጌዋ አኖረች፤ እስከ ዕለተ ሞቷም ለሦስቱ ራት ማቅረቧን አልተወችም። በቃ፤ ተረቱ ይኸው ነው። እኔ ብድግ ብዬ ሁለቱ እኮ በሕይወት አሉ፣ ለምን አታጣራም ብዬ ተሟገትኩ። ሃልሞኒ ሻያቸውን ፉት ብለው፣ ሳታስነብብ ሦስት ሳህን ታጥባለች፣ ካስነበበች ሁለት ነው የምታጥበው አሉኝ። ያኔ መልስ አልመሰለኝም።

ሃልሞኒ በየዓመቱ መኸር ላይ ለሞቱት አባትና እናታቸው ማዕድ ያቀርባሉ። ሩዙን በሁለት ጎድጓዳ ሳህን ይሞሉና ማንኪያ አቁመው ይሰኩበታል፤ የሙታን ስለሆነ ነው። እኔ አንድ ጊዜ የራሴ ሩዝ ላይ ማንኪያ አቁሜ እጄን በጥፊ መትተውኛል። ወንድም እንደነበራቸው ሰምቼ ስለነበር ለእሱስ ለምን አታስቀምጡም ብዬ ጠየቅኳቸው። «ያልሞተ ሰው ማዕድ አይቀመጥለትም» አሉ ቆጣ ብለው።

ከዚያ ታሪኩን ነገሩኝ። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ፣ በክረምት፣ ወደ ደቡብ ሲሸሹ እሳቸው አሥራ አንድ ዓመታቸው፣ ወንድማቸው አሥራ ስድስት ነበር። ግማሽ ቀን ከተጓዙ በኋላ አባታቸው የዘር ሐረጉ የተጻፈበት መጽሐፍ ቤት መረሳቱን አስታወሱ፤ ልጁን ሮጠህ አምጣ አሉት። ልጁ ሄደ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ አገሩም ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ ወዲያ የሰማ የለም። ስሙ ዮንግ ሱ ነው፤ ዘላለምና ረጅም ዕድሜ በሚሉት ምልክቶች ይጻፋል፤ ከእሱ በፊት ሁለት ሕፃናት ስለሞቱ ነው ወላጆቹ እንዲህ ያሉት። «ለወረቀት ሲባል ላኩት» አሉ ሃልሞኒ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንኳ በአባታቸው ላይ የያዙት ቂም አልበረደም ነበር።

እንግዲህ በዚያው ዓመት በጸደይ፣ ሚስተር ፓክ የሚባሉ የሃልሞኒ ቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ኩን ራፒድስ በምትባል አጎራባች ከተማ ሱቅ ያላቸው፣ ሰሜን ኮሪያ የቀሩ አጎታቸውን እንዲጠይቁ ተፈቀደላቸው። የሃልሞኒ የትውልድ መንደር ከአጎትየው ከተማ ሩቅ አይደለም። ወንድምዎን የሚያስጠይቅ ወረቀት ይስጡኝ አሏቸው፤ ግን በምልክቶቹ ይጻፍ፤ በድምፅ ብቻ ከሆነ ዮንግ ሱ የሚባል ሰው እዚያ የትየለሌ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ለሃልሞኒ ከዚያ በፊት መጥቶ አያውቅም። የሳቸው እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸውም ሞራ ጀምሮታል። ስለዚህ ወፍራም ነጭ ወረቀትና ናሙናውን ሰጡኝና «ቲጂ፣ አንቺ ጻፊልኝ» አሉ።

ኩራቴን መገመት አያቅትም። ወረቀቱን ቤት ወስጄ እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ። ጥቁሩን አንሥቼ ነበር፤ ከዚያ ግን እንዲህ ያለ ስም፣ ሃምሳ ዓመት የተናፈቀ ሰው ስም፣ እንደ ማንኛውም ነገር በጥቁር ይጻፋል ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። የአባዬን ቀይ እስክሪብቶ ከመሳቢያ አወጣሁ። ሁለቱን ምልክቶች ጎላ ጎላ አድርጌ፣ አንድም መስመር ሳልስት ጻፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ ጽፌ አላውቅም። ለማንም ሳላሳይ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ሰኞ አመሻሽ ላይ ሚስተር ፓክ መጡ። ፖስታውን የጠረጴዛው መብራት ሥር ከፈቱትና ወረቀቱን ሲዘረጉት፣ እጁ እንደተቃጠለ ሰው ለቀቁት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ምስጋና ልቀበል ቀና ብዬ እንደቆምኩ ፈገግታዬ ፊቴ ላይ ደረቀ። ሃልሞኒ ወረቀቱን አንሥተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ ከንፈራቸው ነጣ። አልጮኹም። በእንግሊዝኛ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ «መሞቱን ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

ሚስተር ፓክ ናቸው ያስረዱኝ፤ በእነሱ ዘንድ በሕይወት ያለ ሰው ስም በቀይ አይጻፍም፣ በቀይ የሚጻፈው የሞተ ሰው ስም ነው። ክው ብዬ ቀረሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ግን አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነኝ።

ሚስተር ፓክ፣ ደጉ ሰው፣ «ልጅ ናት፣ አታውቅም፣ ሌላ ትጻፍ» አሉ። ሃልሞኒ ወረቀቱን አራት አጠፉት። የማያውቅ ልጅ ክፋት የለውም፤ ክፋት የሌለው እጅ የጻፈውን ሰማይ ነው የጻፈው አሉ። «ተጽፏል። አበቃ። ባዶ እጅህን ሂድ።» ሚስተር ፓክ አርብ ይበራሉ። ሃልሞኒ በሩን ከፍተው ያዙልኝ። ሊፍቱን መጠበቅ አቅቶኝ አሥራ ሦስቱን ፎቅ በደረጃ ወረድኩ።

ማክሰኞና ረቡዕ ሆዴን አመመኝ ብዬ ተኛሁ፤ እማዬም ሁለት ቀን ከሥራ ቀረች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንባዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ተናዘዝኩ። እማዬ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፤ ምን ብለው ለልጅ አስጻፉ?» አለችና ወዲያው ለአባዬ ደወለች። አባዬ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በሩ ላይ ነበር።

«ፓሰንጀር ካንስል አድርጌ ነው የመጣሁት» አለ። «ነገ ነው የሚሄዱት?»

ነገ ነው አልኩት። አልተቆጣኝም። የተናደደው በራሱ ነበር፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳት ይላል ደጋግሞ። ከቁም ሳጥኑ በጨርቅ የተጠቀለለችውን የብራና የጸሎት መጽሐፉን አወጣ፤ እጄን ያዘና በሊፍት ወጣን። የቀይ ነገር ሲነሣ ጨርሰው የሚያባርሩን መስሎኝ ነበር።

ሃልሞኒ በሩን ከፈቱ። ሦስት ቀን ምግብ የቀመሱም አይመስሉም። አባዬ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፤ ብዙም ሳይናገር መጽሐፏን መብራቱ ሥር ገለጠ። ሃልሞኒ ቀዩን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ።

«እማማ፣ ይመልከቱልኝ» አለ አባዬ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው። «ይህ የአምላክ ስም ነው። ይህ የእናቱ። እነሱ ለኛ ሞተው የቀሩ አይደሉም።» ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ ከፍቶ ጣቱን አሳረፈ። «ይህ ደግሞ የኔ ስም ነው። መጽሐፉን የጻፉልኝ መምህሬ ናቸው። በቀይ ከተጻፍኩ ሠላሳ ዓመት ሆነኝ፤ ይኸው ታክሲ እነዳለሁ።»

ሃልሞኒ የማጉያ መነጽራቸውን አምጥተው ገጹን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ምንም ማንበብ እንደማይችሉ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረጉ፤ የአባዬን እጅ ያዙና አይበሉባውን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት፤ ሙቀቱን የሚመረምሩ ይመስል ነበር። ወደ እኔ ዞሩና «ጥቁር አለሽ?» አሉኝ።

እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ስሙን በጥቁር ደግሜ ጻፍኩ። የጻፍኩት የመጀመሪያውን ያህል አላማረም፤ አንዷ መስመር ጎብጣለች። አባዬ በዚያው ሌሊት ሳይነጋ ኩን ራፒድስ ድረስ ነድቶ ለሚስተር ፓክ አደረሰ።

ሚስተር ፓክ በሄዱ በወሩ ተመለሱ፤ ወረቀቱን ለአጎታቸው ትቼዋለሁ ከማለት በቀር የሚሉት አልነበራቸውም። በጋው አለፈ። ደብዳቤው በቻይና በኩል ዞሮ የመጣው ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ነው። ሚስተር ፓክ ይዘውት መጥተው ጮክ ብለው በኮሪያኛ ያነባሉ፤ እኔ ቃሉ ስለማይገባኝ የሃልሞኒን ፊት አነባለሁ። መጀመሪያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀጥሎ እጃቸው ጉልበታቸውን ጨበጠ። ወደ መጨረሻው ላይ ድንገት ዓይናቸውን ገለጡ፤ እንደዚያ የደነገጠ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም፤ እኔ በቀይ የጻፍኩ ቀን እንኳ እንደዚያ አልሆኑም።

ሚስተር ፓክ ለእኔ መልሰው ነገሩኝ። ደብዳቤውን የጻፈው የዮንግ ሱ ልጅ ነው። ዮንግ ሱ መጽሐፉን ይዞ ሲመለስ መንገዱ ተዘግቶ አገኘው፤ ስደተኞቹ ድልድይ ላይ ሳሉ በቦምብ አለቁ የሚል ወሬም ሰማ። ሁሉም የሞቱ መሰለው። አገባ፤ ሁለት ልጆች ወለደ፤ ከሁለት ክረምት በፊት በሳንባ በሽታ ሞተ። እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ፣ በተለያዩበት ቀን፣ ሦስት ሳህን ያስቀምጥ ነበር፤ አንዱ ለአባቱ፣ አንዱ ለእናቱ፣ አንዱ ለታናሽ እኅቱ። እኅቱ ትወደው ነበር እያለ ካኪ የሚባል ጣፋጭ የደረቀ ፍሬ ከሷ ሳህን አጠገብ ያኖራል። ረሃብ በገባባቸው ዓመታት ሩዝ ሲጠፋ፣ የሷን ሳህን ውሃ ሞልቶ ያስቀምጠው ነበር እንጂ አላነሣውም።

ምድጃው ላይ ያለው ሻይ ፈልቶ ገንፍሎ ሽቦው ላይ ሲንጫጫ ማንም አልተነሣም። ሃልሞኒ እኔም እንድሰማ ብለው ይመስለኛል፣ በእንግሊዝኛ ተናገሩ።

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ አበላኝ። እኔ አንድ ማንኪያ አላቀመስኩትም።»

በመኸሩ ሦስተኛ ሳህን ጨመሩ። ስሙን በጠባብ ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ጻፊ አሉኝና ጻፍኩ። ጎልማሳው ዮንግ ሱ ምን ይወድ እንደነበር አያውቁምና፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የሚወደውን ጣፋጭ የሩዝ ኬክ ነው የሠሩለት። አባዬን ጋበዙት፤ እንዲህ ባለው ነገር ይቆማል ብዬ አልጠበቅሁም፤ እሱ ግን «ተዝካር አይደል እንዴ? የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ብሎ ነጠላውን አጣፍቶ መጣ። ማንኪያው ከተሰካ በኋላ የሞተው ሰው ገብቶ እንዲበላ በሩ ተከፍቶ ይተዋል፤ በሕይወት ያሉት ደግሞ እንዳያፍር ፊታቸውን ያዞራሉ። ሦስታችንም ወደ ግድግዳው ዞረን ቆምን። በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው ኮቴ ተሰማ፤ በራችን ላይ ሲደርስ ቆም አለ፤ ምን እንደታየው እንጃ፣ ድምፁን አጥፍቶ አለፈ።

ከዚያ ሁሉ ተረት ብዙውን ረስቼዋለሁ፤ ከምልክቶቹም ዛሬ አሥሩን በትክክል መጻፍ ብችል ነው። ያ ግድግዳ ግን አሁንም ፊቴ ላይ አለ። ስሜን በሚመስል ትዕግሥት የቆምኩበት የሕይወቴ የመጀመሪያው ጊዜ ይመስለኛል፤ ሆኖም ከብዙ ቆይታ በኋላ ልጅ ነኝና ደከመኝ፣ ወደ ሃልሞኒ ጠጋ ብዬ አሁን እንዙር ወይ ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኳቸው። ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያነሡ እጄን ያዙኝ።

«አታስቸኩዪው» አሉ። «ርቦት ነው የመጣው።»